ለወፍጮው ዘንግ የተላኩ ሽማግሌዎች

ቡታጅራ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሩፋይዳ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ባለሽበት አገር አላህ ከብርዱም ከክፉ ሰውም ይጠብቅሽ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደ ልማዱ ነው፤ ስለ እሱ አትጠይቂኝ።

እናትሽ ሰፍያ ስልኳን ይዛ ወፍጮ ቤት መጣችና «ሩፋይዳ የወፍጮህን ዘንግ ዕድሜ ትጠይቃለች፤ እንካ አናግራት» አለችኝ። አላናገርኩሽም። ተቀይመሽ ከሆነ ተቀየሚ። እኔ የእናትሽ አጎት በስልክ ቁም ነገር እንደማልናገር ከልጅነትሽ ታውቂያለሽ። በስልክ የተነገረ ነገር በማግስቱ «እንዲህ አላልኩም» ይባላል። ወረቀት ግን አይክድም። ስለዚህ ጻፊልኝ፤ እኔም እጽፋለሁ። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ሙከሚል የእኔን ደብዳቤ በስልኩ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልክልሻል፤ የአንቺን ደግሞ አትሞ ያመጣልኛል። እንዳያነበው አስጠንቅቄዋለሁ። ያነበዋል።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ዘንጉን የገዛሁት ወልቂጤ የነበረ አንድ ወፍጮ ሲፈርስ ነው። አንቺ ገና አልተወለድሽም። ከዚያ ወዲህ የሚዞርበትን ኩሽኔታ ስንቴ እንደ ቀየርኩ አላህ ይቁጠረው። ቺንጋማ እንደ ሸሚዝ ነው፣ ይቀያየራል። ሞተሩም ተቀይሯል። ዘንጉ ግን ያው ነው። አልተጣመመም፣ አልተበላም። ቡታጅራ ውስጥ የእሱን ያህል የሠራ የለም፤ ሰውንም ጨምሬ ነው የምናገረው።

ለምን እንደ ጠየቅሽ ግን አልገባኝም። ጃፓን የሄድሽው ለትልቅ ትምህርት ነው ብለውኛል። ጃፓን ዘንግ የለም?

ካለ፣ ኩሽኔታም ይኖራልና አንድ ደህና ኩሽኔታ ላኪልኝ። ቁጥሩን ከጀርባ ጽፌዋለሁ። እዚህ ገበያ ላይ ያለው ስሙ የጃፓን ነው፤ ነፍሱ አይደለም።

ሀቢቡ

*

ፉኩኦካ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አባባ ሀቢቡ፣

ወዐለይኩሙ ሰላም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ዕድሜዎን ከጤና ጋር ያርዝምልን። ስለ ጉልበትዎ እንዳልጠይቅ ስላዘዙኝ አልጠየቅኩም፤ የሚቀባውን መድኃኒት ግን ለእናቴ ልኬያለሁ። ኩሽኔታው አብሮት ነው።

ዘንግ ጃፓንም ሞልቷል። የእርስዎን ያህል የደከመ ግን አላገኘሁም። የማጠናው ይህንኑ ነው፤ የብረትን ድካም። ሽቦ በእጅ ጎትተው የማይበጥሱትን ወዲህና ወዲያ ሲያጣምሙት ይበጠሳል። በጉልበት አይደለም የተበጠሰው፣ በመደጋገም ነው። የእርስዎ ዘንግም እንደዚያው ነው። ቺንጋው ሁልጊዜ ወደ ጎን ይስበዋል። ዘንጉ ሲዞር የተለጠጠው ወገን ይጨመቃል፣ የተጨመቀው ይለጠጣል። አንድ ዙር፣ አንድ መጣመም ማለት ነው። ለዓይን አይታይም፤ ብረቱ ግን ይቆጥረዋል።

እኛ ጋ ያለው ማሽን ጣት የምታህል ብረት ይዞ በአንድ ሰከንድ ሃያ ሺህ ጊዜ ይለጥጣታል፣ ይጨምቃታል። ድምፁ ከመቅጠኑ የተነሣ ጆሮ አይሰማውም። በጥቂት ቀን ውስጥ ቢሊዮን ያልፋል። ነገር ግን ይህ በጥድፊያ የተሠራ ድካም ነው። በዝግታ፣ በእውነተኛ ሥራ ላይ ቢሊዮን ያለፈ ብረት ማን ጋ አለ? እኔ የማውቀው አንድ ሰው ነው። ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ፤ ዘንግዎ ከሁለት ቢሊዮን ዙር በላይ ሄዷል።

አውጥተው ቢሰጡኝ አዲስ አስቀርጽልዎታለሁ። ለትምህርቴ ብቻ ብዬ እንዳይመስልዎ። እናቴ እህል ስታስፈጭ የምትቀመጠው ቺንጋው ከሚዞርበት ከባድ የብረት ጎማ፣ ከፑሌጃው ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ላይ ነው። ዘንግ ሲሰበር ፑሌጃው ቀስ ብሎ አይወርድም።

ልጅዎ ሩፋይዳ

*

ቡታጅራ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሩፋይዳ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ እውቀትሽን አላህ ይባርከው፣ ከትዕቢትም ይጠብቀው። ይህን ዱዓ ለራሴም አደርጋለሁ።

ኩሽኔታው ደርሷል። ነፍስ አለው። መድኃኒቱን ሰፍያ እየተቀባችው ነው።

አሁን ስሚኝ። እኔ አስተማሪ አልነበረኝም። ያለኝ መጽሐፍ ነው። ጉንችሬ ገበያ ላይ ባለሱቁ በርበሬ ሊጠቀልልበት ሲቀድ ከእጁ ነጥቄ የገዛሁት የእንግሊዝኛ የመካኒክ መጽሐፍ ነው። መጀመሪያው ተቀዷል፤ ማን እንደ ጻፈው አላውቅም። በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ ቃል በቃል አንብቤዋለሁ፤ ክረምትና በጋ ፈጅቶብኛል። እንዲህ ይላል፤ ብረት አሥር ሚሊዮን ጊዜ ተለጥጦና ተጨምቆ ካልተሰበረ፣ ጭነቱ እስካልጨመረ ድረስ ከዚያ በኋላ አይሰበርም። በቃ። ለዘላለም ነው።

የእኔ ዘንግ በአንቺው ሒሳብ ይህን ፈተና ያለፈው በሁለተኛ ወሩ ነው። አንቺም ገና ሳትወለጂ! ፈተና ያለፈን ሽማግሌ ተመልሰህ ክፍል ግባ አይሉትም።

ጭነት ጨምሬበትም አላውቅም። ሰው «በርበሬና በቆሎ አንድ ላይ ጠቅጥቅልኝ» ሲለኝ ሂድ ሌላ ቦታ አስፈጭ እላለሁ። ስለዚህ ዘንጉ አይወጣም። እናትሽም በሰላም ትቀመጣለች።

ለአሁኑ የምፈልገው ነገር ቢኖር ደህና ግራሶ ነው። ከተቻለሽ።

ሀቢቡ

*

ፉኩኦካ፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አባባ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ፤ ወፍጮ ቤትዎ ከእህልና ከሰው አይጉደል።

ግራሶ በአውሮፕላን አያስጭኑኝም። ይቅርታዎን።

መጽሐፍዎ አልዋሸም። የጻፉት ሰዎች በዚያ ዘመን የነበራቸው ማሽን ዝግተኛ ነበር። አሥር ሚሊዮን ድረስ ጠበቁ፣ ብረቱ አልተሰበረም፣ ደከማቸውና አቆሙ። ብረቱ ግን አላቆመም። በኋላ ፈጣን ማሽን ሲመጣ ሰዎች መቶ ሚሊዮን፣ ቢሊዮን ድረስ ጠበቁ። በፊት «አይሰበርም» የተባለው አንዳንዱ ተሰበረ።

አሰባበሩም ይለያል። እኔና እርስዎ የምናውቀው ስንጥቅ ከላይ ይጀምራል፤ በዓይን ይታያል፣ በጥፍር ይነካል። ይኼኛው የሚጀምረው ከውስጥ ነው። ብረቱ ሲቀልጥ ያልተጣራች ቆሻሻ ውስጡ ትቀራለች፤ ጤፍ አታህልም። ድካሙ ሁሉ እሷ ዙሪያ ይከማቻል። ላዩ እንደ መስታወት እያበራ ውስጡ ቀስ እያለ ይከፈታል። ሁሉም ብረት እንዲህ ይሆናል አልልም። የትኛው እንደሚሆን ግን ከላይ አይቶ የሚያውቅ የለም።

በዚህ ሳምንት አንዷ ብረቴ ተሰበረችልኝ። እዚህ ብረት ሲሰበር «እንኳን ደስ አለሽ» ነው የምንባባለው። ጓደኞቼ ኬክ ገዙልኝ። እኔ ግን ኬኩን ይዤ አግዳሚዎ ላይ የተደረደሩት ሴቶች ታዩኝ።

እባክዎ አባባ፣ አረፋ ሳይደርስ ያውጡት። በአረፋ ሰሞን ወፍጮው ከጠዋት እስከ ማታ እንደማያርፍ አውቃለሁ።

ልጅዎ ሩፋይዳ

*

ቡታጅራ፣ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሩፋይዳ፣

ሰላምታዬ ከነምርቃቱ ይድረስሽ። መልሴ የዘገየው በሥራ ነው። ሌላ ምክንያት የለም።

ለብረት መሰበር ኬክ የሚበላበት አገር መኖሩን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ለዱባለ ነገርኩት። ዱባለን ታውቂዋለሽ፤ ብረት የሚቀርጽበት ቶርኖ ቤቱ ከእኔ ወፍጮ ማዶ ነው። ጎልማሶች ሳለን ጀምሮ እንከራከራለን። በጥምቀት ማግስት ቤቱ ጠርቶኝ ለእኔ ለብቻው ያዘጋጀውን የጾም ምግብ እየበላሁ ነው የነገርኩት። እሱ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ልጅቷ እውነቷን ቢሆንስ?»

«አንተ ዘንግ ቀርጸህ ልትሸጥልኝ ነው» አልኩት።

«ለአንተ በነጻም ቢሆን አልቀርጽም፤ ታስረዝመዋለህ፣ ታሳጥረዋለህ፣ ታስመልሰኛለህ» አለኝ።

እኔም አርብ ከሰዓት ሞተሩን አጥፍቼ ቺንጋውን አውልቄ ዘንጉን በትንሽ መዶሻ መታሁት። እንደ ደወል ጮኸ። የተሰነጠቀ ብረት አይጮህም፤ እንደ ተሰነጠቀ ገንቦ ነው የሚናገረው። በጋዝ አጥቤም በመነጽር አየሁት። ምንም የለም። ነገሩ እዚህ ላይ አብቅቷል።

ስለ እናትሽም አትጨነቂ። አግዳሚውን አንስቼ ወደ ግቢው በር አዙሬዋለሁ። ፀሐይ እየመታቸው ስለ ተቸገሩ ነው።

መነጽሬ አርጅቷል። የሚያቀርብ መነጽር ካለ ላኪልኝ።

ሀቢቡ

*

ፉኩኦካ፣ ጥር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አባባ፣

ሰላምና ጤና ለእርስዎ ይሁን። መነጽሩን ገዝቻለሁ፤ የመዶሻ ድምፅ ግን ጤፍ የማታህል ቁስል አይነግርዎትም።

አንድ ነገር ልበልዎ፤ እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። አግዳሚው ድሮ የነበረበት ቦታ ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ አለ። ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር ስመጣ ከዝናብ የምንጠለለው እዚያ ነበር። ጥላው ቀኑን ሙሉ አይለቅም። ፀሐይ ያለው ግቢው በር ላይ ነው።

አባባ፣ አፍዎ አላመነኝም፤ አግዳሚዎ ግን አምኖኛል።

ሴቶቹን ስላራቁልኝ አላህ ይስጥልኝ። ግን ልጠይቅዎ፤ እርስዎ ራስዎ እህል የሚያፈሱት ዛሬም ፑሌጃው አጠገብ ቆመው አይደለም?

ልጅዎ ሩፋይዳ

*

ፉኩኦካ፣ መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አባባ፣

በዒድ ስልክ ደውዬ እናቴ «ወፍጮ ቤት ነው» አለችኝ። በበዓል ቀን! ሙከሚልን ደብዳቤዬን ሰጥተሃቸው ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩት። «ሰጥቻቸዋለሁ፤ ቆመው አነበቡት፣ አጣጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት፣ ከዚያ ‹አንተ ምን ትገተራለህ› ብለው አባረሩኝ» አለኝ።

ታናሽ ታላቁን አይጨቀጭቅም፤ አላህም አይወደውም። ግን ያሳደጉኝ ሰዎች አስተምረውኛል፤ ታናሽ አፉ የማይችለው ጉዳይ ሲኖረው ሽማግሌ ይልካል።

ልኬያለሁ። በሩን እንዳይዘጉባቸው።

ልጅዎ ሩፋይዳ

*

ቡታጅራ፣ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሩፋይዳ፣

ሰላም ብያለሁ። ምርቃቱን ከታች ታገኚዋለሽ፤ መጀመሪያ ወቀሳሽን ተቀበዪ።

ምን ዓይነት ጉድ ነው ያመጣሽብኝ? ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዎች ጋቢ ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው ከደጄ ቆሙ። ከፊት ዱባለ ነው። በሬን በእርግጫ እየከፈተ የኖረው ዱባለ ያን ቀን በከዘራው ቀስ ብሎ አንኳኳ።

«ቤቶች!»

«ግቡ፤ ምን ነካችሁ? ተቀመጡ» አልኩ።

«የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም» አለ።

ጎረቤቱ አጥር ላይ ተንጠልጥሏል። የማን ልጅ ልትጠየቅ ነው ይባባላሉ። የእኔ ሴት ልጆች ሁሉም አግብተው ወልደዋል!

«ተናገሩ» አልኩ።

ዱባለ ጉሮሮውን ጠራረገ። «በሩቅ አገር የምትኖር፣ ከጨዋ ቤት የወጣች፣ የተማረች ልጅ አለችን። በእርስዎ ቤት ያለውን ዘንግ ወድዳለች። ይስጡን ብለን ልንለምን መጥተናል።»

ዕድሜውን ሙሉ አንተ ሲለኝ የኖረ ሰው «እርስዎ» አለኝ። ሰፍያ ጓዳ ሆና በሻሿ አፏን ይዛ ስትንፈቀፈቅ ይሰማኛል። እኔ አልሳቅኩም። ደንብ ደንብ ነው፤ ልጅ የተጠየቀ አባት እንደሚመልሰው መለስኩ። «ዘመድ ሳላማክር ቃል አልሰጥም፤ በሌላ ቀን ተመለሱ።» ተመለሱ። «የጠያቂዋን ጠባይ ላጣራ፤ ችኩል ናት ይባላል» ብዬ አሁንም ሰደድኳቸው። ከተማው ሥራ ፈታ። እህል ያልያዘ ሰው ሁሉ ወፍጮ ቤት እየመጣ «ሰጡት ወይ?» ይላል።

ሦስተኛ ሲመጡ ዱባለ «ልጁን እንየው» አለ። ወፍጮ ቤት ገባን። እየፈጨ ነበር። እኔ የምቆምበት ቦታ ሄዶ ቆመ። ፑሌጃውን አየ፣ ከፑሌጃው እስከ ደረቱ ያለውን አየ። ከዚያ ወጥቶ ግቢው በር ላይ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ፀሐዩ ፊት ለፊት ይመታዋል።

«ይኼ አግዳሚ ድሮ ጥላ ውስጥ ነበር። ለምን መጣ እዚህ?» አለኝ።

መነጽሬን አውልቄ መወልወል ያዝኩ።

«ሌላውን ሁሉ አሽሽተህ አንተ እዚያው ትቆማለህ ማለት ነው?» እርስዎው ቀረ። «አንተ ደረቅ! አንድ ነገር ብትሆን እኔ ከማን ጋር ልከራከር ነው?»

ለዚህ ጥያቄ መጽሐፌ ውስጥ መልስ የለም። አንድም ገጽ የለም።

«ውሰዱት» አልኩ።

አጥር ላይ ያሉት ሴቶች እልል አሉ። እኔ አልተሸነፍኩም፤ ሽማግሌ አከበርኩ። ልዩነቱን አጥብቀሽ ያዢ።

ዱባለ ብረቱን ከወልቂጤ በአረቅጥ በኩል አስመጥቶ አዲስ ዘንግ ቀርጿል። መጀመሪያ ረዘመ። መለስኩበት። ቀጥሎ ልኩን ሆነ። አሮጌውን ትናንት አወጣነው፤ ሰፍያ በአዲስ ነጠላ ጠቅልላዋለች።

የእኔም ጥሎሽ አለኝ። አንደኛ፣ ለእንዲህ ያለ ሽማግሌ ፖስታ ቤት አይሆንም፤ ለአረፋ ራስሽ መጥተሽ ውሰጂው። ሁለተኛ፣ ግማሹ እዚህ ይቀራል። ሦስተኛ፣ ውስጡ ምንም ባይኖር «ምንም የለም» ብለሽ ትጽፊልኛለሽ፤ ቢኖርም «አለ» ብለሽ።

አላህ በሰላም ያምጣሽ። ምርቃቱ ይኸው ነው።

ሀቢቡ

*

ፉኩኦካ፣ ሐምሌ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አባባ ሀቢቡ፣

ሰላምታዬ ከናፍቆት ጋር ይድረስዎ። በአረፋ ዋዜማ፣ በሴቶች አረፋ ቀን እናቴ የሠራችው ጎመንና ቅቤ አሁንም ከአፌ አልጠፋም። ዱባለም ሴጌቶ ይዘው ዘንጉን ለሁለት ሲቆርጡ እርስዎ ከላያቸው ቆመው «ቀጥ አድርገህ! ቀጥ አድርገህ!» ሲሉባቸው የነበረውን ለጓደኞቼ እየተረክሁ እስቃለሁ።

አየር ማረፊያ ላይ ፈታሿ ነጠላውን ገልጣ «ይኼ ምንድነው?» አለችኝ።

«ብረት ነው።»

«ብረት ደግሞ ጃፓን ምን ያደርጋል?»

«ይታከማል» አልኳት። ስቃ አሳለፈችኝ።

አሁን የጥሎሽዎን ሦስተኛ ቃል ልፈጽም። ዘንጉን በድምፅ መርምረን፣ ፑሌጃው የሚታሰርበት ቦታ ላይ ከፍተን አየነው። ላዩ ንጹሕ ነው፤ መዶሻዎም መነጽርዎም አልዋሹም። ከላዩ ትንሽ ገባ ብሎ ግን ክብ፣ የሚያብለጨልጭ፣ መሃሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ያለው ስንጥቅ አለ። በእኛ ሙያ የዓሣ ዓይን ይባላል። ፎቶውን አያይዣለሁ። ነጥቧ ያቺ ቆሻሻ ናት። ዘንጉ ከመቀረጹ በፊት ጀምራ እዚያ ነበረች።

መቼ ይሰበር ነበር ቢሉኝ አላውቅም። ፕሮፌሰሬን ጠየቅኩት፤ እሱም አያውቅም። በዚያው በአረፋ ሰሞን ሊሆን ይችል ነበር፤ ብዙ ዓመት ሊቆይም ይችል ነበር። ከዚህ የተለየ ብነግርዎ ውሸት ይሆናል።

የጽሑፌ የመጀመሪያ መስመር እንዲህ ይላል፤ «ይህ ዘንግ ከሁለት ቢሊዮን ዙር በላይ ሠርቷል፤ ከሥራ የወጣውም ሳይሰበር ነው።» ይስማማዎታል?

ልጅዎ ሩፋይዳ

*

ቡታጅራ፣ ነሐሴ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሩፋይዳ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። በሄድሽበት ሁሉ ቃልሽ ይከበር፣ ብረትሽም በጊዜው ይሰበርልሽ፤ ሌላ ምን ተብሎ እንደምትመረቂ አላውቅም።

የመጀመሪያው መስመር ይስማማኛል። «ሳይሰበር» የሚለውን ማንም እንዳይሰርዝብሽ። ዱባለ ቀጥሎ «ሊሰበር ሲል» ተብሎ ይጨመር ይላል። አይጨመርም።

ፎቶውን አሳትሜ ወፍጮ ቤት ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ሴቶቹ «ይኼ የማን ዓይን ነው?» ይሉኛል። የዘንጉ ነው ስላቸው «ሲያየን ኖሯል በሉኛ!» ብለው ይስቃሉ። የቀረውን ግማሽ በሩ ላይ አቁሜዋለሁ፤ ዱባለ ሲመጣ ከዘራውን ያስደግፍበታል።

መጽሐፌን አወጣሁ። አሥር ሚሊዮን የሚለው ቦታ ላይ፣ በጠርዙ፣ በእርሳስ «እዚህ ላይ ደከማቸው» ብዬ ጽፌያለሁ። በእርሳስ ነው፤ አንድ ቀን ከአንቺ የበለጠ የሚጠብቅ ሰው መጥቶ ደግሞ አንቺን ቢያርም ቦታ እንዳይጠበው።

አዲሱ ዘንግ ገና ልጅ ነው፤ ጥሩ ይዞራል። ዱባለ በየሳምንቱ እየመጣ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ያዳምጠዋል፣ የራሱን ሥራ ያደንቃል። የአሮጌው ዕድሜ ላይ ሲደርስ እኔ አልኖር ይሆናል። ያኔ ሽማግሌ ሳታስቸግሪ መጥተሽ ውሰጂው። ከአሁኑ ሰጥቻለሁ።

በዚህ ጊዜ ምንም አትላኪልኝ። መነጽሩ ጥሩ ነው። መድኃኒቱንም ከሰፍያ አስመልሼ ተቀብቼዋለሁ፤ ይሠራል።

ሌላ ወሬ የለም። አግዳሚውን ወደ ድሮ ቦታው መልሼዋለሁ። ፀሐዩ ያው ነው።

የእናትሽ አጎት
ሀቢቡ